ለብቻዋ የተጻፈችው ቅንጣት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ የድንጋይን ዕድሜ ማወቅ ነበር። አትሳቁ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ድንጋይ የልደት ሰርተፍኬት የለው፣ ማን ይጠይቀዋል ብዬ።

እሷ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፤ አመዱ አገሩ ላይ ይነጠፋል። አመዱ ውስጥ የጨው ፍሬ የሚያህሉ ቅንጣቶች አሉ። ቅንጣቷ ከቀዘቀዘችበት ቀን ጀምሮ ውስጧ አርጎን የሚባል ጋዝ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። በጨረር ሲያቀልጧት ጋዙ ይወጣል፤ እሱን ለክተውና አስልተው ዕድሜዋን ያውቃሉ። ይኸው ነው። እኔ ሰባኪ ነኝ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ይህች ሴት ከአባቷ ጋር ከተነጋገረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ለምን? እናቷ ሲያርፉ እሷ አፋር በረሃ ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልክ አይሠራም። ወልድያ፣ ወላጆቿ ቤት የደረሰችው በሠልስቱ ነው። አባቷ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ወደ ድንጋይሽ ተመለሺ። እኔ ሴት ልጅ የለኝም» አሏት።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ቃል ይረሳል? አይረሳም። እሷም አልረሳችም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንድሟ አስናቀ ደወለላት።

«አባባ ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡንም። ነይ እባክሽ።»

«ልጅ የለኝም ብለውኛል እኮ! ማን ነኝ ብዬ ልምጣ?»

«እህቴ፣ በእናታችን...» ሲላት ዘጋችበት።

ዘግታ ሥራዋ ገባች። ያን ቀን የምታቀልጣቸው፣ ከላይኛው የአመድ ንጣፍ የወጡ አሥር ቅንጣቶች ነበሯት። ደንቡ አንድ በአንድ ነው። እሷ ግን ልቧ ስለተቃጠለ አሥሩንም ባንዴ አቀለጠቻቸው። ውጤቱ ጉድ ሆነ! የላይኛው አመድ ከሥሩ ካለው አመድ በዕድሜ በልጦ ቁጭ አለ። ታዲያ ከላይ የወደቀ ከታች ካለው እንዴት ይቀድማል?

የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ዶክተር ጥላዬ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥሩን አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ስንቱን ባንዴ አቀለጥሽ?»

«አሥሩንም።»

«በይ ሌላ አሥር ውሰጂ። አንድ በአንድ።»

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። አንዷን፣ ሌላዋን፣ ደግሞ ሌላዋን። ዘጠኙ አንድ ዓይነት ዕድሜ ሰጧት። አንዷ ብቻ ከሁሉም እጅግ ያረጀች ሆነች። ለካስ ጎርፍ ከሌላ አሮጌ ተራራ ጠርጎ አምጥቶ ቀላቅሏት ኖሯል። ጠዋትም ውጤቱን ያበላሸችው የእሷው ዓይነት ናት።

«ልጣላት፣ ዶክተር?»

«ለምን ትጥያታለሽ? አለች እኮ! ለብቻዋ ጻፊያት። የዘጠኙን ዕድሜ ግን በእሷ አትቁጠሪ።»

ይሄኔ ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌው ደነገጡ። «ኧረ በስመ አብ! ምን አልኩሽ? መሳሳት ያለ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ!»

«ዶክተር፣ ወልድያ መሄድ አለብኝ» አለቻቸው።

አውቶቡሱ ውስጥ የአባቷን ቀኖች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ታይፎይድ ሲይዛት አዝለዋት ጤና ጣቢያ ድረስ የሮጡበት ቀን። እናቷ ታመው ሳለ ጸጉሯን የሠሩላት ቀን፤ አቤት አሠራር! ተማሪው ሁሉ ሳቀባት፤ እሷ ግን እንዳይከፋቸው ሳምንቱን ሙሉ ሳትፈታው ቆየች። የፈተና ውጤቷን ሰምተው መንገድ ላይ እልል ያሉበት ቀን። ያ የድንኳኑ ቀንም አለ። አንድ ቀን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ሌላውን ቀን ሁሉ ከእሱ ጋር አቅልጣው ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሳ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ከስተው አልጋው ውጧቸዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ከዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ «ምሳ በልተሻል?» አሏት።

ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣቸውም። እሷ ግን ገባት። እጃቸውን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ እስኪያርፉ አሥራ አንድ ቀን አብረው ቆዩ። አሥራ አንድ ቀን ብቻ! «ስድስት ዓመቱን ማን ይመልስልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እናንተስ መልስ አላችሁ?

ወገኖቼ፣ ክፉ ቃል አልተባላችሁም አልልም። ተብላችኋል፤ አሟችኋል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል። ግን ያቺን አንዲት ቀን ከስንት ቀን ጋር አቅልጣችኋታል? አንተ ከወንድምህ ጋር ካልተነጋገርህ ስንት ዓመት ሆነህ? አንቺስ፣ እናትሽን በዓል በመጣ ቁጥር «ዘንድሮ አይመቸኝም» የምትያቸው እስከ መቼ ነው?

ዛሬ ሌሎች ሁለት ነጥቦች አዘጋጅቼ ነበር። ትቻቸዋለሁ። ስልካችሁን አውጡ፤ በስብከት መካከል ስልክ ሲጮህ የምቆጣው እኔው ራሴ ዛሬ ፈቅጃለሁ። ደጅ ውጡና ደውሉ። ካላነሱላችሁ እንደገና ደውሉ። ደውላችሁ እስክትመለሱ እኛ እዚሁ ሆነን እንጸልይላችኋለን።