የእድሩን ድንኳን የተሸከመች መኪና

ተረቴ ረጅም ገመድ ናት፤ አንዱን ጫፍ እኔ ይዣለሁ፣ ሌላውን እናንተ ያዙ። እስክንጨርስ ማንም እንዳይለቅ።

ቆላ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። ስንዱ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ዳገት መውጣት። ዳገቱ ትንፋሽ ቁርጥ ይባላል። ከዳገቱ ጫፍ እናቷ ከደረጃ ወድቃ ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል፤ ሐኪም ያለው ከታች ነው፤ ቃሬዛ ደግሞ ለተሰበረ ዳሌ አይሆንም። ባገሩ መኪና ያላት ስንዱ ብቻ ናት። የሰኔ ደመና ከዳገቱ ራስ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ ከዘነበ ቀዩ አፈር ይሟሟል፣ መንገዱም እስከ መስከረም ይዘጋል።

የስንዱ መኪና ከሩቅ ስትታይ ግርማ ያላት የመስክ መኪና ናት፤ አካሏ የዝሆን፣ ሳንባዋ ግን የድመት። በማለዳ በአንደኛ ማርሽ ተነሣች። በመጀመሪያው መታጠፊያ አቃሰተች፤ በሁለተኛው ጥቁር ጭስ ተፋች፤ በሦስተኛው ላይ ሞተሯ ጸጥ አለ። የታንከሩ ግማሽ ነዳጅ አልቋል፤ መንገዱ ግን ሩቡም አልተሄደም። ስንዱ እያንዳንዱን ድንጋይ እያየች በኋላ ማርሽ ወደ ታች ተመለሰች። የቀራት ነዳጅ በቁጠባ ከተነዳ ለአንድ መውጣትና ለአንድ መውረድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን የለም።

"መኪናዬ፣ ውጪልኝ" አለቻት።

መኪናዋ በመኪና ቋንቋ መለሰች፤ ማለትም ዝም አለች።

መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም፣ አለች ስንዱ፤ ወደ መካኒኩ ወደ ጋሽ ሽብሩም ሄደች።

"ጋሽ ሽብሩ፣ እባክዎን ጉልበት ይስጡልኝ። ነዳጅ መጠጣቷንም ይቀንሱልኝ።"

ጋሽ ሽብሩ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። "ታንቃለች" አሉ። "አየር የሚያጣራላት ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኗል። አየር ያላገኘ ሞተር እንደ አማቼ ነው፤ ይጠጣል እንጂ አይሠራም።"

"እንግዲያው ፊልትሮውን ይንፉልኝ።"

"በየት በኩል ልግባ? ኮፈኑን የድንኳኑ ገመድ ጠፍሮታል። ሳልከፍተው በሕልሜ ልንፋው?"

እውነታቸውን ነው። በመኪናዋ ጣሪያ ላይ የእድሩ ድንኳንና ሃያ አራት የብረት ምሰሶ ተጭኗል፤ በውስጧም ስድስት ትልልቅ ድስትና ለቀስተኛ የሚቀመጥባቸው አግዳሚ ወንበሮች ታጭቀዋል። የእድሩ ዕቃ ቤት ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ይህ ሁሉ ከስንዱ መኪና አልወረደም። ገመዱም በኮፈኑ ላይ አልፎ ከፊት መከላከያው ታስሯል።

"አውርጂውና ነይ" አሉ ጋሽ ሽብሩ። "ግማሽ ጉልበቷ ከዚያ ጭነት ሥር ነው ያለው።"

ጭነቱ ካልወረደ ፊልትሮው አይነፋም፤ ፊልትሮው ካልተነፋ መኪናዋ አትወጣም፤ መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም፣ እያለች ስንዱ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ መንክር ሄደች።

አቶ መንክር መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ከመሳቢያቸውም የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። "አንቀጽ ዘጠኝ። አንብቢው።"

ስንዱ አላነበበችውም። የእድሩ ጸሐፊ እርሷ ናት፤ ደንቡን ከአራት ዓመት በፊት አንቀጽ በአንቀጽ፣ ሰረዝ በሰረዝ የጻፈችው እርሷው ናት። የእድሩ ንብረት ከዕቃ ቤቱ ወይም ከተመደበለት መኪና ውጭ ለአንድ ቀንም አይቀመጥም።

"ሌላ ሰው መጥቶ ይህንኑ ቢለምንሽ ምን ትይው ነበር?"

"አይቻልም እለው ነበር።"

"እንግዲህ እኔም ያንኑ ነው የምልሽ፣ ልጄ። እናትሽን እግዜር ይማራት። ዕቃ ቤቱ ይከፈት፤ ጭነቱ ዛሬውኑ ይወርዳል።"

ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ጭነቱ አይወርድም፤ ጭነቱ ካልወረደ ፊልትሮው አይነፋም፤ ፊልትሮው ካልተነፋ መኪናዋ አትወጣም፤ መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም፣ እያለች ስንዱ ቁልፍ ወደሚይዙት ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄደች።

"ቁልፉማ ይኸው፣ አንገቴ ላይ ነው" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "አልከፍትም እንጂ! ጣሪያውን የሚሸከመው ወራጅ ተሰንጥቆ በሩ ላይ ተደግፏል። በሩን የከፈትሁት ዕለት ጣሪያው ከነቆርቆሮው ራሴ ላይ ነው። ያን ድንኳን ለኔ ልትተክሉት አምሯችኋል?"

"ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ!"

"እላለሁ እንጂ! ያውም በሰኔ! ለቀስተኛው በጭቃ እየተንሸራተተ ሊረግመኝ! መጀመሪያ ወራጁን አስቀይሪ።"

ወራጁ ካልተቀየረ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፤ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ጭነቱ አይወርድም፤ ጭነቱ ካልወረደ ፊልትሮው አይነፋም፤ ፊልትሮው ካልተነፋ መኪናዋ አትወጣም፤ መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም፣ እያለች ስንዱ ወደ አናጺው ወደ ሙላት ሄደች። ደመናው ከዳገቱ ራስ ወደ ትከሻው ወርዷል።

ሙላት መጋዙን ሳያስቀምጥ ሰማት። "እጄ ዝግጁ ነው፤ እንጨት አምጪልኝ። ቀጥ ያለ፣ ያልጎበጠ፣ ስምንት ሜትር የሚሆን ባሕር ዛፍ። እንዲህ ያለው ደግሞ ካንድ ሰው ግቢ በቀር የለም።"

"የማን ግቢ?" አለች ስንዱ፤ የማን እንደሆነ ግን ታውቅ ነበር።

"የአቶ ፈንታ። እኔ ደጃቸውን አልረግጥም፤ ዐይናቸውን ማየት አልችልም። አንቺ ጸሐፊ አይደለሽ? ሂጂ።"

ዛፉ ካልተቆረጠ ወራጁ አይቀየርም፤ ወራጁ ካልተቀየረ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፤ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ጭነቱ አይወርድም፤ ጭነቱ ካልወረደ ፊልትሮው አይነፋም፤ ፊልትሮው ካልተነፋ መኪናዋ አትወጣም፤ መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም፣ እያለች ስንዱ ወደ አቶ ፈንታ ግቢ ገባች።

አቶ ፈንታ ጥቁር ለብሰው ከደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ስንዱ ቆማ ነገሩን ሁሉ፣ ከዛፉ እስከ እናቷ፣ ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

"ጨረስሽ?" አሏት።

"ጨርሻለሁ።"

"ረጅም ነው። ሁሉም አለበት። ሙላት አለበት፣ ደብሪቱ አለችበት፣ መንክር አለበት፣ ሽብሩም አለበት። ትርንጎ ግን የለችበትም።"

ትርንጎ ሚስታቸው ነበረች። አራት ወር ሙሉ ሲያስታምሟት ሦስት የእድር ስብሰባ አለፋቸው፤ ሦስት ስብሰባ የቀረ አባል ደግሞ በአንቀጽ አሥራ ሁለት ይሰረዛል። ተሰረዙ። በሳምንቱ ትርንጎ ሞተች። ድንኳን አልተተከለም፤ ድስት አልተጣደም፤ ወንበር አልመጣም። አስከሬኗን ያነሡት ከወንዝ ማዶ የመጡ አራት ሰዎች ናቸው። ከቆላ በር አንድ ሰው እንኳ፣ እድሩን ፈርቶ ይሁን አፍሮ፣ ደጃቸውን አልረገጠም።

"ለቅሶዬን ያልደረሰ እድር" አሉ አቶ ፈንታ "ጣሪያውን በኔ ዛፍ አያቆምም።"

ለቅሶው ካልተደረሰ ዛፉ አይቆረጥም፤ ዛፉ ካልተቆረጠ ወራጁ አይቀየርም፤ ወራጁ ካልተቀየረ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፤ ዕቃ ቤቱ ካልተከፈተ ጭነቱ አይወርድም፤ ጭነቱ ካልወረደ ፊልትሮው አይነፋም፤ ፊልትሮው ካልተነፋ መኪናዋ አትወጣም፤ መኪናዋ ካልወጣች እናቴ አትወርድም።

ስንዱ ይህን ጮክ ብላ አላለችውም። ወደ ዳገቱ ቀና ብላ አየች፤ ደመናው ሦስተኛውን መታጠፊያ ውጦታል። ለቅሶ ደግሞ ደርሰው ወዲያው የሚነሡበት ነገር አይደለም። ከጻፈቻቸው አንቀጾች መካከል ለዚህ የሚሆን ፈለገች፤ አልነበረም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከአቶ ፈንታም እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ስምዎን የሰረዘችው እጅ የኔ ናት" አለች።

"አውቃለሁ። ደብዳቤው ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ ያምራል።"

ስንዱ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ያለቀሰችው ስለ እናቷ ነው፤ ራሷንም ታዘበች። ቆይቶ ግን ትርንጎ ትዝ አለቻት፤ በገበያ ቀን ሳቋ ከበርበሬው ተራ እስከ ጨው ተራ የሚሰማ፣ ጎመን ስትሸጥ ጭብጡ ላይ ጭብጥ የምትመርቅ፣ ጉልበቷ ደህና ሳለ ከማንም ለቅሶ የማትቀር። "ትርንጎ!" አለች። "ትርንጎዬ! ማን ሊያለቅስልሽ ነው ለሁላችን ያለቀስሽ?"

ከኅዳር ጀምሮ ያን ስም ከሰው አፍ ያልሰሙት አቶ ፈንታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሁለቱም አለቀሱ። ጊዜው ሄደ። ነፋሱ እርጥበት አመጣ። ስንዱ አልተነሣችም።

በመጨረሻ "እግዜር ያጽናዎት" አለች።

"አሜን" አሉ አቶ ፈንታ። ተነሥተውም መጥረቢያቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

ያን ጊዜ ገመዱ ወደ ኋላ ተሳበ። ለቅሶው ተደረሰና ዛፉ ወደቀ፤ ዛፉ ወደቀና ወራጁ ተጠረበ፤ ወራጁ ተቀየረና ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፤ ዕቃ ቤቱ ተከፈተና ጭነቱ ወረደ። አቶ መንክር ሳይቀሩ ከነመነጽራቸው ምሰሶ ተሸከሙ። አቶ ፈንታ ድንኳኑን ሲያወርዱ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጭነቱ ወረደና ኮፈኑ ተነሣ፤ ኮፈኑ ተነሣና ፊልትሮው ተነፋ።

"ይህ አቧራ አንድ መደብ ጎመን ያበቅላል" አሉ ጋሽ ሽብሩ፤ ላልተው የነበሩትን ጎማዎችም ሞሉላት። መኪናዋ ከተኛችበት አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ቆመች። "በይ፣ ቀስ ብለሽ ርገጪ። አታስጩኺያት። ነዳጅን የሚጨርሰው ጩኸት ነው።"

መኪናዋ ወጣች። በመጀመሪያው መታጠፊያ አላቃሰተችም፤ በሁለተኛው አልጨሰችም፤ በሦስተኛው ላይ፣ በጉሙ ውስጥ፣ በሁለተኛ ማርሽ አለፈች። ነዳጅ ቆጣሪው ብዙም አልወረደም። ከእናቷ ደጅ ስትደርስ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መስታወቱን መቱት።

ስንዱ መንገዱን ሁሉ ስታሰላ ነው የመጣችው፤ እናቴ ስልሳ ኪሎ፣ ፍራሹ አሥር፣ ደግፎ የሚይዛት ጎረቤት ሰባ። አራት ጎረቤቶች ሊያነሡ ገቡ። ሁለቱ እጃቸውን ከሥሯ ሰደው ከፍ አደረጓት፤ ቅልል ብትልባቸው ተያዩ።

"እኛው እንበቃለን" አለ አንደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከኋላው ወንበር ላይ በፍራሽ አስተኟት። ደጋፊው ጎረቤት ከመግባቱ በፊት ስንዱ ከውጭ ቆማ መኪናዋ ዝቅ እስክትል ጠበቀች። መኪናዋ ዝቅ አላለችም።

"ስንዱዬ" አለች እናቷ ከውስጥ፤ "መኪናሽን ከበድኋት?"

ስንዱ ጎማውን አየች፤ መንገዱን አየች።

"ከብደሻታል፣ እማዬ" አለች። "ቀስ ብለን ነው የምንወርደው።"

የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ ወጥታ ነበርና፣ እናቷ ወረደች።