ነቀዝ የበላው ገብስ

አንድ ጊዜ፣ ነቀዝ ከባለቤቱ ቀድሞ እህል በሚቀምስበት አገር፣ አንዲት አህያ ነቀዝ የማይደፍረው ጎተራ ለመሥራት ተነሣች። ጭቃና ጭድ አቡክታ መረገች፤ ተሰነጠቀ። አመድ አብዝታ ጨመረች፤ ተፈረፈረ። ለሙከራ የከተተችውን ገብስ ሁሉ ነቀዝ ዱቄት አደረገው። ጎረቤቶቿ ሊስቁባት ሲመጡ ቀድማ የምትስቀው እሷው ነበረች።

«ኑ እዩኝ፣ ነቀዝ ቀላቢ ሆኛለሁ!» ትላለች። «ለጭንቅላቴ የታሰበው ሁሉ ወደ ጆሮዬ ሄዷል መሰለኝ።»

ሥራዋን ግን አልተወችም። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ጎተራ አቁማ የቀራትን እፍኝ ገብስ ከተተችበት። ክረምቱን ሙሉ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ የነቀዝ ኮሽታ አልሰማችም፤ እፍኟ ገብስም ደህና ስለነበረች ክረምቱ ሲያልቅ በላቻት።

በበጋው አንበሳ እንስሳቱን ሰበሰበ።

«እህላችንን አንድ ላይ የምናኖርበት ማኅበር እናቁም» አለ። «ሁሉም ያለውን ያምጣ፤ ድርሻው በሀብቱ ልክ ይሁን። ትንሹ ድርሻ የደረሰው የሁላችንንም ጆንያ ይሸከማል።»

(አንበሳ ገብስ ይበላል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቅም።)

ሀብቱን እንዲገምት ቀበሮ ተመረጠ። ጅብ ባዶ ጆንያ ይዞ ቀረበ።

«አያ ጅቦ፣ ገብስህስ?»

«በላሁት።»

«እመት አህያ፣ ያንቺስ?»

«የኔን... ነቀዝ በላው።»

«እንግዲያው ሁለቱም የተበላ ነው» አለ ቀበሮ። «የተበላ ነገር ወጪ እንጂ ሀብት አይባልም። እኔ የምቆጥረው ዓይኔ የሚያየውን ነው። ለጅብ ጆንያው፣ ላንቺ ጭቃና ጭዱ። ጆንያ ደግሞ ከጭቃ ይበልጣል።»

አህያ ስለ ጎተራዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሲያርፍ ግን ደነገጠችና የለመደችው ቀልድ አመለጣት።

«እውነትህን ነው አያ ቀበሮ፣ እኔ ራሴ ከጭቃ መች እበልጣለሁ!»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያበቃ ጆንያው ጀርባዋ ላይ ነበር።

የማኅበሩን ትልቅ ጎተራ ለመሥራት ጅብ ተሽቀዳደመ። «የሷን አይቼዋለሁ፤ ጭቃ ብቻ ነው» አለ። ጧት መረገ፣ ወዲያው ደግሞ በላዩ መረገ፣ ሳይደርቅ እህሉን ገለበጠበት። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ነቀዝ ገባ፤ እህሉም መሽተት ጀመረ።

«ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?» ብሎ አንበሳ አገሣ።

«እኔ እንኳ አንድ ሐሳብ አለኝ» አለ ጅብ፣ የአህያዋን ታፋ እያየ።

አህያ ወደ አንበሳ ጠጋ አለች። ቀልዷ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ሁለተኛው ምርጊት የሚቀጥለው የመጀመሪያው ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው» አለች። «ቀጭኑ ጭቃ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። አመዱም ጥቂት መሆን አለበት። ይህን ያወቅሁት እናንተም እኔም በሳቅንበት ገብስ ነው። የተረፈውን እህል ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ጎተራውን እኔ እመርገዋለሁ።»

አሰጡት፤ እሷም መረገችው። የተረፈው እህል ዳነ፤ ክረምቱንም አወጣቸው።

«እንግዲህ ግምትህን አስተካክል» አለ አንበሳ ቀበሮን።

ቀበሮ አገጩን አከከ። «ነቀዝ የበላው ገብስ እውቀት ሆኖ ተመልሷል። ከሀብቷ ይቆጠርላት።»

ጅብ ዘሎ ተነሣ። «የኔም ይቆጠርልኛ! እኔስ የበላሁት ለምርምር አይደል?»

«ምን አወቅህበት?» አለው አንበሳ።

ጅብ ሆዱን ዳበሰ።

«እንደሚያልቅ» አለ።

ጆንያው ከአህያ ጀርባ ወርዶ ጅብ ላይ ተጫነ።

«ቀስ በል አያ ጅቦ፣ ምርምርህ እንዳይፈስ!» አለችው አህያ። ከዚያ ጆሮዋን አዲሱ ጎተራ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ኮሽ የሚል ነገር የለም።

«ለካ ጭንቅላቴ ጆሮዬ ውስጥ ኖሯል» አለች ለራሷ።

ከዚህ የምንማረው ለነገ የሚጠቅም እውቀት የተገኘበት ወጪ ከሀብት ሊቆጠር እንደሚገባ፣ ባለቤቱ ራሱ እየሳቀ ካረከሰው ግን ዋጋውን የሚያነሣለት ገማች እንደማያገኝ ነው።