አንጓች ሳትወጣ

ዱሮ ነው፤ ይህ ግንብ ገና ሳይቆም፣ ድንጋዩ በየማሳው ተበትኖ ሳለ። ዛሬ እንግዶች ይመጡና ሽቅብ አንጋጠው «ማን አሠራው?» ይላሉ። ውሃውን ማን አመላለሰ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም። እርር ድብን እላለሁ። እናንተ ግን ስሙ።

በዚችው በጭንጫ አፋፍ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። በልጅነቷ ከወንዝ ማዶ ተድራ መጣች። ከዚያ ወዲህ በማዶና በእኛ መካከል ደም ገባ፤ መሻገር ቀረ። እናቷን ዳግመኛ አላየችም። ጋራው ማዶን ጋርዶታል።

ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ ግንቡን ሲያስጀምሩ ግንበኛው ከአናቱ ላይ ማዶ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ተናገረ። አንጓች ሰማች። ለኖራው ማቡኪያ ውሃ ልቅዳ ብላ ገባች። ካቡ ወገብ ሲደርስ ልውጣ ብላ ለመነች። ሲያልቅ ትወጫለሽ አሏት። ውሃ ቀዳች፣ ተሸከመች፣ ዝም አለች።

ግንበኛው ከግንቡ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈር ቢል ፊታውራሪ ሳቁበት። አንጓች እያለች ጉድጓድ ምን ያደርጋል አሉ።

በዐሥረኛው ዓመት አለቀ። ድግስ ተደገሰ። መኳንንቱ ወጡ፤ የፊታውራሪ ውሻ እንኳ ወጣ። አንጓችን ግን በረኛው በጭቃ እግርሽ ደረጃውን ታቆሽሻለሽ ብሎ ገፈተራት። ውሃ ቀዳች፣ ተሸከመች፣ ዝም አለች።

በማግስቱ ፊታውራሪ ተሻግረው ማዶን ዘረፉ። የማዶ ሰዎችም ደማቸውን ሊመልሱ መጥተው ግንቡን ከበቡት። እህል ሞልቷል፣ ባሩድ ሞልቷል፤ ውሃ የለም። አንጓች እንስራዋን አዝላ በከበባው መሐል አለፈች። ውሃ የተሸከመች ሴት ማን ይቆጥራል? ፊታውራሪ ከላይ ገመድ ጣሉላት፤ እንስራውን እሰሪው አሉ።

«ውሃው የሚወጣው ከእኔ ጋር ነው» አለች።

በሩ ተከፈተ። አንጓች በጭቃ እግሯ ደረጃውን ወጣች። ከአናቱ ቆማ ማዶን አየች። የእናቷ ደጅ ዋርካ ከስሏል። ጎጆው የለም፤ መንደሩ ሁሉ ዐመድ ነው።

ዘወር ብላ ፊታውራሪን አየቻቸው።

«ዐሥር ዓመት ደጅ ያስጠኑኝ እስኪያቃጥሉት ነው?»

እንስራውን አነሣች። ወደ ማዶ ዞራ ከግንቡ አናት ቁልቁል አፈሰሰችው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰችው። ወርዳ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ፊታውራሪ ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቆ ወጡና እጃቸውን ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ግንብ አስቀድማ የምትወጣው ውሃ የተሸከመች ሴት ናት። ወደ ማዶ ታፈሳለች፤ ሌላው ከኋላዋ ይወጣል። የለፋ ሰው ከደጅ ሲቀርም «አንጓች ሳትወጣ ማን ይወጣል?» እንላለን። እንግዲህ እንግዳ መጥቶ ማን አሠራው ካላችሁ የፊታውራሪን ስም አትንገሩት። እንስራውን ስጡትና መጀመሪያ ውሃ ቅዳ በሉት።