ሞተሩ፣ በቅሎዋና አፏ የታሰረባት ክዳን

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው ደግሞ ወሬህን ተውና ጆሮህን ወዲህ በል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ብረቱም እንስሳውም እርስ በርሱ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ የደጋ ከተማ ይርዳው የሚባል የከብት ሐኪም ነበር። ይርዳው አንድ ሞተር ሳይክል ነበረው። ሲወደው ለጉድ ነው። ጭቃውን ሳያጥብለት አያድርም፤ አቧራ ሲያይበት በገዛ ነጠላው ይጠርግለታል። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ «ዝናቡ ቤንዚኔ ውስጥ እንዳይገባ» አለና የቤንዚን ታንኩን ክዳን በቀይ ፌስታል ሸፍኖ፣ በጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሞተሩም «ጌታዬ እንዴት ቢወደኝ ነው!» ብሎ ኮራ።

በማግስቱ ጠዋት ከቆላ አንዲት ሴትዮ በበቅሎ መጡ። ወይዘሮ ሙጪት ይባላሉ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ነው የተናገሩት።

«ዶክተር፣ አባ ሰንጋ ገባብን። በሁለት በሬ ነበር የማርሰው፤ አንዱ ትናንት ወደቀ። የቀረኝ ዳልቻ ብቻ ነው። በሽታው ሳይደርስበት ድረስልኝ ልጄ! ዳልቻ ከሄደ ማሳዬ ጦሙን አደረ፣ ልጆቼም አለቀላቸው።»

ይርዳው ክትባቱን በረዶ በሞላው ሣጥን ከተተና ሞተሩ ጀርባ ላይ ጫነ።

«በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ እትዬ። ከቀለጠ መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው። ይምጡ፣ ከኋላዬ ይቀመጡ» አላቸው።

«ኧረ በማርያም! ነፍሴን ለዚህ ለሚጮህ ብረት አልሰጥም። አንተ ቅደም፣ እኔ በበቅሎዬ እከተልሃለሁ።»

ሞተሩ ይህን ሲሰማ ወደ በቅሎዋ ዘወር አለ። «እንግዲህ ደህና ይዋሉ እመት በቅሎ! እርስዎ እዚያ ሲደርሱ እኔ ሥራዬን ጨርሼ ጥላ ሥር ተኝቼ ነው የሚያገኙኝ።»

እመት በቅሎ አልተቀየመችም። «እንዳፍህ ያድርግልህ ልጄ። ዳልቻ አብሮ አደጌ ነው፤ ቶሎ ድረስለት» አለችው።

ድ-ድ-ድ-ድ ብሎ ሄደ። ከተማውን ወጣ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ዳገቱን ያዘ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ «እህ፣ እህ፣ እህ» ብሎ ሳለና ቀጥ አለ። ይርዳው ማስነሻውን ረገጠ። ዝም። ደግሞ ረገጠ። ዝም።

የሞተሩ ዕቃዎች ተንጫጩ።

«ካንዴላ ናት!» አለ ካርቡራቶር። «እሳት የምትጭረው እሷ አይደለች? ተኝታለች።»

«እኔ?» አለች ካንዴላ። «ብልጭ ማለቴን መቼ አቋርጬ አውቃለሁ?»

ከላይ ደግሞ፣ ከፌስታሉ ሥር፣ ክዳኒት «ምም! ምምም!» ትላለች። «ደግሞ ክዳኒት በዚህ ሰዓት ዘፈን አማራት» ብለው ሳቁባት።

ይርዳው ካንዴላን ፈትቶ አወጣት፤ ጥላሸቷን ፈገፈገ፤ መልሶ አጠበቃት። ማስነሻውን ቢረግጠው፣ ድ-ድ-ድ-ድ! ተነሳ። «አላልኳችሁም?» አለ ካርቡራቶር። ካንዴላ አንገቷን ደፋች። እናንተም ብትሆኑ እሷኑ ነበር የምትከሱት፤ አትዋሹኝ።

ይሄኔ እመት በቅሎ ቀጭ ቀጭ እያለች ደረሰች። «ምን ሆንክ ልጄ?» አለችው።

«ካንዴላ ናት፣ ተገኘች!» ብሎ አቧራውን አልብሷት ሄደ።

ዳገቱን ጨረሰ፣ ሜዳውን ያዘ። አንዲት ግራር ሥር ሲደርስ «እህ፣ እህ፣ እህ» አለና ቀጥ አለ።

አሁን የካንዴላ ተራ ሆነ። «ይኸው! እኔ ታጥቤ ጸድቼ እያበራሁ ነው። ጥፋቱ የካርቡራቶር ነው። ቤንዚንና አየር አዋህዶ የሚያበላን እሱ ነው፤ ጉሮሮው ተዘግቷል።»

«ያልመጣልኝን ከየት አምጥቼ ላብላችሁ?» አለ ካርቡራቶር። «ሆዴ እኮ ባዶ ነው!»

ማን ይስማው? ይርዳው ፈታታው። ውስጡ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቆሻሻ አገኘ። «አገኘሁሽ!» ብሎ እፍ አላት፤ ጠራርጎ ገጠመው። ረገጠ። ድ-ድ-ድ-ድ! ተነሳ። ካርቡራቶር በተራው አፈረ። ክዳኒት አሁንም «ምም! ምምም!» ትላለች።

ይርዳው የሣጥኑን ክዳን ገለጥ አድርጎ ቢያይ በረዶው ተጋምሷል። ቀና ሲል ወይዘሮ ሙጪት ደርሰዋል።

«ይሄ ነገርህ ዛሬ ይደርስልናል ልጄ?»

«አሁንማ ዳነ እትዬ፣ አይስጉ።»

እመት በቅሎ ግን ጆሮዋን አቁማ ትሰማ ነበር። በጆሮማ ማን ይስተካከላታል! «ሲሮጥ ይወድቃል፣ ሲያርፍ ይነሳል። እንዴት ያለ በሽታ ነው?» እያለች ጉዞዋን ቀጠለች።

ሦስተኛ ጊዜ የቆመው አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። «እህ፣ እህ፣ እህ።» ቀጥ።

አሁን ሁሉም ባንድ አፍ «ቤንዚን ነው!» አሉ። «ከመንገድ ዳር በጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን፣ ማን ምን እንደቀላቀለበት ይታወቃል?» ቤንዚን ምስኪኑ ታንኩ ውስጥ ሆኖ «የት ልሂድላችሁ!» አለ።

ይርዳውም የጠረጠረው ይህንኑ ነው። ታንኩን ነቀነቀው፤ ቦጭ ቦጭ አለ። «ቤንዚንማ ሞልቷል። ላምባ ቀላቅለውብኝ ይሆን?» ብሎ ሊያሸተው የቤንዚኑን ቱቦ ከታች ነቀለ። ጠብ አለ። ጠብ አለ። ከዚያ ቀጥ። ታንኩ ሙሉ ነው፣ ከቱቦው ግን የሚወርድ የለም። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ቱቦውን በእጁ እንደያዘ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ወይዘሮ ሙጪት ሲደርሱ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። በረዶው እፍኝ አይሞላም። በበቅሎዋ እንጫነው ብል እንኳ በእርምጃ ገና ግማሽ ቀን ይቀራል። አላደረስኩልዎትም።»

ወይዘሮ ሙጪት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። «ወይኔ ዳልቻዬ!» አሉ።

ሞተሩ የጠዋቱ ኩራቱ ሁሉ ጥሎት ሄደ። «እመት በቅሎ» አለ፣ «በእኔ ምክንያት ጓደኛዎ ሊሞት ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም። እባክዎ ይርዱኝ።»

እመት በቅሎ ያኔ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያላደረገውን አደረገች። ጠየቀችው።

«የምትቆመው ገና ስትነሳ ነው፣ ወይስ ስትሮጥ?»

«ስሮጥ። ጥቂት ከሮጥኩ በኋላ።»

«አርፈህ ስትነሳስ?»

«ምንም አይለኝ።»

«ካንዴላን የፈተጓት ጊዜ አርፈህ ነበር። ካርቡራቶርን የፈቱት ጊዜም አርፈህ ነበር። ያነሳህ ማረፍህ ነው እንጂ የእነሱ መታጠብ አይደለም። እነሱ ታመው አያውቁም።»

ካንዴላና ካርቡራቶር ተያዩ።

«ይቺ ምም የምትለውስ ማናት?» አለች እመት በቅሎ።

«እሷማ ክዳኒት ናት፤ ስትዘፍን ነው የዋለችው።»

«ምን ዘፈን ነው እሱ! እኔም የሰው ባቄላ ማሳ ገብቼ አፌን ያሰሩኝ ቀን እንዲሁ ነበር የምለው» አለችና ጥርሷን ቀዩ ፌስታል ላይ ሰደደች።

«ኧረ እትዬ! በቅሎዎ ሞተሬን በላችብኝ!» ብሎ ይርዳው ጮኸ። ወይዘሮ ሙጪት ልጓሙን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ እመት በቅሎ ፌስታሉን ወደ ራሷ ትስባለች። ማሰሪያው ጎማ ተበጠሰ። ፌስታሉ ተቀደደ። ይሄኔ ክዳኒት በጠባቧ ቀዳዳ «እስስስስስ!» ብላ አየሩን ወደ ውስጥ ማገችው። ይርዳው በእጁ ከያዘው ቱቦ ቤንዚኑ ቱርርር ብሎ ጫማው ላይ ወረደ።

«እፎይ!» አለች ክዳኒት። «ከጠዋት ጀምሮ ስጮህ! ቤንዚን ሲወርድ በቦታው የሚገባ አየር ይፈልጋል። አየሩን የማስገባው እኔ ነኝ፣ በዚህች ቀዳዳ። እሷን ካፈናችሁብኝ እንዴት አድርጎ ይውረድ? ስትቆሙ አየሩ በፌስታሉ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ሾልኮ ይገባል፤ ስትሮጡ ያልቃል።»

«እውነቷን ነው» አለ ቤንዚን። «ልወርድ ስል ከላይ ጎትቶ የሚያስቀረኝ ነገር ነበር።»

ይርዳው ይህን ሁሉ ንግግር አልሰማም፤ ሰው ነዋ። ግን ያን «እስስስ» የሚለውን ድምፅ ሰምቷል፣ የራሰ ጫማውንም አይቷል። አንዴ ክዳኑን፣ አንዴ የተቀደደውን ፌስታል ተመለከተ።

«ለካ እኔ ነኝ!» አለ። «በገዛ እጄ አፍኜው ነው ስንቱን ስፈታ የዋልኩት!» ሳቅም እንባም መጣበት። ቱቦውን ገጠመና የእመት በቅሎን ግንባር አቅፎ ሳመ። ደግሞ ሳመ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

«ሂድ ልጄ፣ መሳሙ ይደርሳል! ዳልቻን!» አሉት ወይዘሮ ሙጪት።

ድ-ድ-ድ-ድ! ከዚያ በኋላ አልሳለም፣ አልቆመም። መንደሩ ሲደርስ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው በረዶ አንድ ሲኒ አይሞላም ነበር፤ ግን ነበር። ይርዳው እጅጌውን ሰብስቦ በሽታው ያልነካቸውን ከብቶች ሁሉ ከተበ። ዳልቻንም ከተበ።

ወይዘሮ ሙጪት ሲመሽ ደረሱ። ዳልቻ በረቱ በር ላይ ቆሞ ሲያመሰኳ ባዩት ጊዜ ከበቅሏቸው ወርደው መሬት ሳሙ። ጎረቤቱ ሁሉ ይርዳውን ሲመርቀው እሱ ወደ በቅሎዋ እያሳየ «እሷን መርቁልኝ» ይላል።

ከብረቶቹም ዘንድ ምስጋና ነበር። ካንዴላና ካርቡራቶር ይቅር ተባባሉ፤ ሁለቱም ቤንዚንን ይቅርታ ጠየቁት። ዳልቻ ወደ ሞተሩ ቀረበና «አያ ሞተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነፍሴን አተረፍክ» አለው።

«እኔማ ሦስቴ ቆሜብህ ነበር። እመት በቅሎን አመስግን።»

«እኔ ጥርሴን ነው ያዋስኩት» አለች እመት በቅሎ። «አፏን ታስራ፣ እየሳቁባት፣ ቀኑን ሙሉ መጮኽ ያልተወችው እሷ ናት።»

ዳልቻ ያን የሚያህል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከእፍኝ ለማትበልጠው ክዳን ሰገደ። «ተባረኪ እህቴ። ዝም ብትዪ ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም» አላት። ክዳኒትን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አመስግኗት አያውቅም። አለቀሰች። ዳልቻም በምላሱ እንባዋን ጠረገላት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገር ሲቆምባችሁ «ማን አጠፋ?» ብላችሁ አትጀምሩ። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚነሳ ጠይቁ፤ ከሁሉም ያነሰችው ምን እያለች እንደሆነ ስሟት። ስትደርሱ ደግሞ ያደረሷችሁን ሁሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማውንም ጨምራችሁ፣ አመስግኑ።

እኔ ተረቴን አደረስኩ። እናንተ ደግሞ «ተመስገን» በሉና በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ።