የባላምባራስ ቅልጥም

አንድ ቀን፣ ለዚያውም የገና ዕለት፣ ጓንጉል የሚባል ሰው የታሰረ በሬውን ለማስፈታት የገና ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሜዳ ወረደ።

በሬው ቦራ ይባላል። የታሰረው በባለመሬቱ በባላምባራስ እንግዳሸት ግቢ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ። ጥፋቱ አጥር ጥሶ የባላምባራስን ሣር መንጨቱ ነበር። ባላምባራስም ራሳቸው ከሳሽ፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው ፈረዱ፤ የበላው ሣር ተመልሶ እስኪበቅል ድረስ በሬው እዚያው ሣሩ ላይ ታስሮ ይቆይ አሉ። እንግዲህ በሬ ሣር ላይ ታስሮ ምን ይሠራል? የበቀለ የበቀለውን ይግጣል። ጓንጉል በየሰንበቱ እየሄደ፣ ጌታዬ ሣሩ በቀለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባላምባራስ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ እንኳን ሊበቅል ጭራሽ አጥሯል፣ በሬህ በጥፋት ላይ ጥፋት ጨምሯል ይሉታል። በዚያ ላይ በሬው ሥራ ፈትቶ እንዳይሰንፍ ብለው የራሳቸውን እህል ያበራዩበታል። አዛኝ ሰው ናቸው።

የጓንጉል ጤፍ ግን እንደተከመረ ምስጥ እየጨረሰው ነው። የቀረው ዳማ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይበራይም፣ አይታረስም። ሚስቱ ዘነቡ የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ ዛሬ ቦራን ሳትይዝ ብትመጣ ከዳማ ጋር የምጠምደው አንተን ነው አለችው። ዘነቡ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ጓንጉልም ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን እየዳበሰ ነው የወጣው።

ባላምባራስ እንግዳሸት በበኩላቸው የማያውቁት ነገር አልነበረም። ቄሱን ቅዳሴ ያርማሉ። አንጥረኛውን ብረት እንዴት እንደሚግል ያስረዳሉ። ምጥ የያዛትን ሴት እንኳ ከአጥር ውጭ ቆመው እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ ይሏታል። የገና ጨዋታንማ ከሳቸው ወዲያ የሚያውቅ የለም፤ ሩሯን ግን በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ መትተዋት አያውቁም። ሩር ከወይራ ጉጥ የተጠረበች ድቡልቡል ናት። በቆልማማ ዱላ እየመቱ እየነዱ በባላጋራ በር የሚያሳልፏት እሷን ነው። በር የተባለውም ሁለት ድንጋይ ነው። ወንዶች ለሁለት ድንጋይና ለአንድ ጉጥ ሲሉ ስንት ጥርስ እንዳራገፉ ቢጻፍ መጽሐፍ አይበቃውም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሜዳው ላይ ወጡ። የላይ ሰፈር አባት፣ ማለት ሰው መራጩና አዛዡ፣ እንደ ሁልጊዜው ባላምባራስ ናቸው፤ የማይመቱበትን ዱላቸውንም ይዘዋል። ሜዳው የሳቸው ስለሆነ የመጀመሪያውንም ሰው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የታች ሰፈሩ አባት ገና አልታወቀም ነበርና ጓንጉል ፊታቸው ቀርቦ እጅ ነሣ። ዛሬ የገና ቀን ነው፣ ጌታና ጭሰኛ እኩል የሚሆንበት ቀን ነው፣ የታች ሰፈር አባት እኔ ልሁንና ከረታሁ ቦራን ይልቀቁልኝ አለ።

ባላምባራስ ከት ብለው ሳቁ። ብትሸነፍስ አሉት።

ጓንጉል አንገቱን ዳበሰ።

«ብትሸነፍ ዳማንም ታመጣለህ። ሣሬ ላይ ብቻውን ሆኖ ቦራ ተክዟል፤ ጓደኛ ይፈልጋል» አሉ።

ጓንጉል ዘነቡን አሰበ። ቀንበሩንም አሰበ። እሺ አለ። የጨዋታው ዳኛ አለቃ ጥበቡም ቀድሞ አንድ ያገባ ይረታል፣ ያ የተባለውም ይጸናል ብለው ውሉን አሰሩት።

የሰው ጥሪ ተጀመረ። ዱላ ይዞ ሜዳው ላይ ከቆመው ሰው አባቶቹ ሰፈር ሳይለዩ በየተራ አንድ አንድ እየጠሩ ወደየወገናቸው ይወስዳሉ። ባላምባራስ አስቀድመው ድንበሩን ጠሩ። ድንበሩ ጭሰኛቸው ነው፤ በአገሩ የሱን ያህል መቺ የለም። አንድ ዓመት ሩሯን ሲመታት ወንዝ ተሻግራ፣ ሠርግ ቤት ገብታ፣ ወጥ ድስት ውስጥ ተገኘች ይባላል። ሠርገኛው ሥጋ መስሎት ሲያኝካት ጥርሱን ሰብሮ ነው የታወቀው።

ጓንጉል ዘርጋውን ጠራ። ሕዝቡ ሳቀ። ዘርጋው ሲነሣ ሁለት ሰው የሚደግፈው፣ ሲቀመጥ ደግሞ ሰው ዞር በሉ የሚባልለት ወፍራም ነው። ሩር መምታት ቀርቶ ሩሯ እግሩ ሥር ብትሆን በሆዱ በኩል አያያትም። ጓንጉል ግን መሐል ሜዳ ላይ የሚተከል ሰው ነበር የፈለገው፤ ዘርጋው የተቀመጠበትን ቦታ ሰውም ሩርም ዞሮ ነው የሚያልፈው።

ባላምባራስ ሌላ መቺ ጠሩ። ጓንጉል ካሣዬን ጠራ፤ ካሣዬ ዱላ አያያዝ አያውቅም፣ ነገር ግን ሚስቱ በተቆጣች ቁጥር ሲሮጥ ኖሮ እግሩ ንፋስ ሆኗል። ባላምባራስ ደግሞ ሌላ መቺ። ጓንጉል ራሱን ጠራ። ባላምባራስ አሁንም መቺ። ጓንጉል ሙግተኛውን ወንዳፍራሽን ጠራ። ወንዳፍራሽ ሩር በሩቅ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነው፤ አፉን ከከፈተ ግን ዳኛውን የክርስትና ስሙን ያጠራጥረዋል።

በመጨረሻ ባላምባራስ አዘኑለት። ሲያስተምሩ ደስ ይላቸዋልና ወደሱ ዞረው፣ ስማ አንተ፣ ሰው ሲመረጥ ጎበዝ ጎበዙን ነው፣ ጎበዙን ከያዝክ የሚቆምበትን ቦታ ራሱ ያገኛል አሉት። ጓንጉልም፣ ጌታዬ እኔ ቤት ስሠራ ምሰሶ አማረኝ ብዬ ሁሉን ምሰሶ አላደርገውም፣ ክዳኑንም ማሰብ አለብኝ አለ። ባላምባራስ፣ ለዚህ ነው ቤትህ የሚያፈሰው አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ያፈሳል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጓንጉልም አብሮ ሳቀ።

ባላምባራስ የአገሩን መቺ ሁሉ ጠርተው ጨረሱ። ወገናቸው ዱላውን እያወዛወዘ ሲቆም ያስፈራል። ለጓንጉል አንድ ጥሪ ቀረው፤ የጎደለውም ቦታ አንድ ነው፤ በሩ። ዱላ ይዘው የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። ሽማግሌዎቹን አያቸው፣ ሳል የያዘውን አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ባላምባራስ እንግዳሸትን ጠርቻለሁ» አለ።

አለቃ ጥበቡ በደንብ አልሰማሁም ብለው አስደገሙት። ባላምባራስ፣ እኔ የላይ ሰፈር አባት ነኝ፣ ይህ ሰው አብዷል አሉ። ይኼኔ ወንዳፍራሽ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። አባትስ ቢሆን ስሙ በተራው መጠራት የለበትም ወይ አለ። ጓንጉል የራሱን ስም ጠርቶ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ባላምባራስን ማን ጠራቸው አለ። እውነትም ማንም አልጠራቸውም። በሌላው ዓመት ራሳቸውን ይጠሩ ነበር፤ ዘንድሮ ለራሳቸው የሚያወጡት አንድ ጥሪ አሳሳቸውና መቺ ጨመሩበት። ንፉግ ሰው ከራሱም ላይ ይቆጥባል።

አለቃ ጥበቡ ጢማቸውን ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ዱላ ይዞ ስሙ ያልተጠራ ሰው ለጠራው ነው፣ እምቢ ካለም እንደተረታ ይቆጠራል አሉ።

ባላምባራስ ቀሉ፣ ጠቆሩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ታያቸውና ፈገግ አሉ። ካባቸውን ሰብስበው ወደ ታች ሰፈር ወገን ተሻገሩ።

«ግድ የለም፣ መጣሁልህ። ድንበሩ ሲመጣ ዞር እልለታለሁ፤ ዳማን ከወዲሁ ፍታው» አሉት።

ጓንጉልም ምንም አይጠበቅብዎትም፣ በሩ ላይ መቆም ብቻ ነው፣ ቢደክምዎትም ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ አላቸው።

ጨዋታው ተጀመረ። መቺዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሩሯ ላይ ወረዱ። መጀመሪያ እርስ በርስ ተመታቱ፤ እኔ ልምታ እኔ ልምታ ነው ነገሩ፣ የሚያቀብል አልተጠራማ። በመጨረሻ ድንበሩ ሁሉንም ገፍትሮ ሩሯን ያዘና ዘርጋውን ዞሮ፣ ጓንጉልን ጥሎ፣ በሩ ፊት ደረሰ። ዱላውን እስከ ሰማይ አነሣ። ቀና ሲል በሁለቱ ድንጋይ መካከል ባላምባራስ ቆመዋል።

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ድንበሩ ነጠላውን አደግድጎ፣ እጅ ነሥቶ፣ እንዴት ዋሉ ጌታዬ አለ።

«ምታ እንጂ አንተ፣ ምን ትላለህ?»

«እርስዎ እዚያ ቆመው?»

«ምታ ብያለሁ። ቅልጥሜን ብትነካኝ ግድ የለም፤ የገና ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ካቻምናም ግድ የለም ብለውኝ ነበር» አለ ድንበሩ።

ብለውት ነበር። ካቻምና ዱላው ሳያስበው ቅልጥማቸውን ነካቸው፤ ባላምባራስም ስቀው፣ ግድ የለም የገና ነው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በማግስቱ ድንበሩ ከወንዝ ዳር መሬቱ ተነሥቶ ዝንጀሮ እንኳ ተጠንቅቆ የሚቆምበት ገደል ተሰጠው። እስከ ዛሬ ድረስ ወገቡን በገመድ አስሮ ነው የሚዘራው። ይህን ደግሞ ከመቺዎቹ መሐል የማያውቅ የለም፤ ሁሉም ጭሰኞቻቸው ናቸው። እየደረሱ ዱላቸውን መሬት እያስነኩ፣ እንዴት ዋሉ፣ እንኳን አደረስዎ ይሉ ጀመር።

ባላምባራስ ተናደዱ። እንግዲያው ዞር ልበልልህ ብለው ወደ ቀኝ ሄዱ። ጭሰኛ ለጌታው ጀርባውን አይሰጥምና ሁሉም እንዳደገደገ ፊቱን ወደሳቸው አድርጎ አብሮ ዞረ። ባላምባራስ ወደ ግራ ሄዱ፤ እነሱም ወደ ግራ ዞሩ። እሳቸው ምቱ እያሉ ይጮኻሉ፣ እነሱ ደግሞ እየፈተኑን ነው ብለው ይበልጥ ያጎነብሳሉ። ባላምባራስ ተበሳጭተው እስከ ሜዳው አጥር ጥግ ድረስ ሄዱ፤ የላይ ሰፈር ወገን በሙሉ እጅ እየነሣ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ሸኛቸው።

ሩሯ ብቻዋን ሜዳ ላይ ቀረች።

ጓንጉል ሄዶ ለካሣዬ ገፋ አደረገለት። ካሣዬ ሚስቱ ከኋላው የመጣች ይመስል ሩሯን እየነዳ ሮጠ። የላይ ሰፈር በር ላይ የሚጠብቅ አንድ ሰው የለም፤ ባላምባራስ የጠሩት መቺ ነው እንጂ በር ጠባቂ መች ጠሩ። ካሣዬ ሩሯን በሁለቱ ድንጋይ መካከል አሳለፋትና እግሩ አልቆም ብሎት እስከ ወንዙ ወረደ።

ታች ሰፈር ረታ። ባላምባራስም ከረቺዎቹ ወገን ናቸውና ወጣቶቹ ተሸክመዋቸው በግድ እየዘለሉ ዞሩ። ሲያወርዷቸው አለቃ ጥበቡ የተባለው ይጽና አሉ። ቦራ ተፈትቶ መጣ፤ ጓንጉል ገመዱን ተቀበለ።

ባላምባራስ ግን በዚህ ነገር አልተኙም። ድንጋዩ ላይ ወጥተው ሕዝቡን ዝም አሰኙና፣ ይህ ሰው የረታኝ በተንኮል ነው፣ ሰው ቅልጥሜን ፈራ እንጂ የኔ ምርጫ ትክክል ነበር አሉ። እጃቸውን ወደ ደብሩ ዘርግተውም ማሉ።

«ከእንግዲህ በገና ዕለት ቅልጥሜን በዱላ የመታኝን ሰው በማግስቱ በክፉ ዓይን ባየው፣ ከመሬቱ ባነሣው፣ ይኸው ታቦቱ ይፍረድብኝ። ለከርሞ እኔን ጠርተህ በር ላይ ብታቆመኝ አይጠቅምህም። እኔም ጎበዝ ጎበዙን ጠርቼ አሳይሃለሁ። ሰማህ ጓንጉል?»

ጓንጉል ቦራን እየሳበ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ቆመና ዞር አለ።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ግን እንደሱ ብለው ከማሉማ ለከርሞ ቢጠሩ የሚመጣልዎት ጎበዝ የለም፤ አገሩ በሙሉ የሚፈልገው ከእርስዎ ፊት ለፊት መቆም ነው» አላቸው።

በዓመቱ ገና ሲደርስ ባላምባራስ ቁርጥማት ያዘኝ ብለው ከቤት አልወጡም፤ ድንበሩ ግን ከሌሊት ጀምሮ ሁለት ዱላ ይዞ ሜዳው ላይ ሲጠብቃቸው ዋለ።