ጎማ ያጣችው እናት ዓለም

የምሥራችም አይደለም፣ መርዶም አይደለም፣ ተረት ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ባቲ ከተማ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ጓንጉል የሚባል ጡረተኛ ሾፌር ነበረ። ይህ ሰው ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራት ጎማ ከነቸርኬው። ጎማው ለእናት ዓለም ነው። እናት ዓለም ሚስቱ እንዳትመስላችሁ፤ በጦርነት ጊዜ እሱ ይነዳት የነበረች አሮጌ የጦር ሠራዊት አምቡላንስ ናት። ስሟን ያወጡላት ከግንባር በሕይወት ያመጣቻቸው ቁስለኞች ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ተጥላ ዶሮ ሲያድርባት ኖረች። ጓንጉል ለምኖ ተረከባት። ሞተሯን አስነሣ፣ ወንበሯን አሰፋ፣ ቀለም ቀባት። ጎማዋን ግን ማን እንደፈታው አይታወቅም፤ ድንጋይ ላይ ቆማ ቀረች። የሌላ መኪና ቸርኬ ቢሞክርላት ቡሎኑ አልገጥም አለ። ይባስ ብሎ የግቢው ባለቤት፣ «ወሩ ሲያልቅ በራሷ ጎማ ካልወጣች ብረት አቅላጮች ቆራርጠው ይወስዷታል» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጓንጉል እህል አልዋጥ አለው።

አንድ ጠዋት በገበያው መሐል የውሃ ጋሪ አለፈ። ጓንጉል እንደ ልማዱ የሰውን ፊት ትቶ ጎማውን አየ። ያ ወፍራም ጥርስ፣ ያ የጦር ሠራዊት ቸርኬ! አራቱም የእናት ዓለም ናቸው።

«እንድሪስ፣ የኔ ልጅ፣ እነዚህን ጎማዎች ስጠኝ» አለው ባለጋሪውን።

«ጋሼ፣ እኔም ከቁራሌው ነው የገዛኋቸው። ብሰጥዎት ደስ ባለኝ፤ ግን ሰፈሩ ውሃ የሚጠጣው በዚህ ጋሪ ነው። ውሃዬን የሚሸከም ግመል ያምጡልኝና ጎማውን ይውሰዱ።»

እናት ዓለም ጎማ የላት፣ ጎማው ጋሪው ሥር፣ ጋሪው ግመል ይላል። ጓንጉል ወደ ሐመዱ ሄደ። ሐመዱ አፋር ነው፣ ግመል ነጋዴ፤ ግመሎቹን ከልጆቹ ለይቶ አያይም።

«ግመል ሞልቶኛል፣ ውሰድ» አለው ሐመዱ። «ግን ኮርቻ የለውም። ያለ ኮርቻ ጭነህበት ጀርባው ከተላጠ እኔና አንተ አንተዋወቅም። ኮርቻ አምጣ።»

እናት ዓለም ጎማ የላት፣ ጎማው ጋሪው ሥር፣ ጋሪው ግመል ይላል፣ ግመሉ ኮርቻ ይላል። ጓንጉል ኮርቻ ሠሪው ይመር ዘንድ ደረሰ። ይመር ሽማግሌ ነው፤ ሥራውን ትቶ ቀና አይልም።

«አንተ ሾፌር አይደለህም እንዴ? ኮርቻ ምን ያደርግልሃል?»

«ለጎማ ነው።»

«ለጎማ! ፀሐይ መትቶሃል፤ ግባ ጥላው ሥር።»

ጓንጉል ከጥላው ሥር ሆኖ ከእናት ዓለም ጀምሮ እስከ ኮርቻው ድረስ አንድ በአንድ ነገረው። ይመር እየሳቀ ዐይኑን ጠረገ። «እንጨቱን ጠርቤ ጨርሻለሁ፤ ጠፍር ግን የለኝም። በገመድ እሰረው እንዳትለኝ! የይመር ኮርቻ በገመድ ታስሮ ከታየ መሞቴ ነው።»

እናት ዓለም ጎማ የላት፣ ጎማው ጋሪው ሥር፣ ጋሪው ግመል ይላል፣ ግመሉ ኮርቻ ይላል፣ ኮርቻው ጠፍር ይላል። ጓንጉል ላቡን እየጠረገ ቆዳ ወደምታለፋው ወደ ዘሀራ ወረደ።

«ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተፍቆ አልቋል» አለችው ዘሀራ። «የቀረው በእምቧይ መታሸት ብቻ ነው። እምቧይ ካመጡልኝ ጠፍሩን ቆርጬ እሰጥዎታለሁ።»

ጓንጉል ሊዘል ምንም አልቀረው። እምቧይ! ፍየል እንኳ ዐይታ የምታልፈው፣ ለማይጸና ነገር ሁሉ «የእምቧይ ካብ» እየተባለ የሚተረትበት እምቧይ! ግን ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበርና እምቧይም ደርቋል። የተረፈው ከዘሀራ አጥር ወዲያ፣ ከጎረቤቷ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ዘሀራ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ተጣራች።

«እትዬ የሺመቤት! እምቧይ ልቅጠፍ?»

«ለማን ነው?»

«ለሃምሳ አለቃ ጓንጉል መኪና ነው።»

«ለሱ ከሆነ አንዲት ፍሬ የለኝም በይው!»

ጓንጉል እንዳታየው ከአጥሩ ሥር ጎንበስ አለ። የሺመቤት የዘውገ ሚስት ናት። ዘውገ ደግሞ በእናት ዓለም ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠ፣ እሱ ሲነዳ የቁስለኞችን ቁስል ያሰረ ጓደኛው ነበር። ዘውገ ሞተ፤ ጓንጉል ለቅሶ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ የሺመቤትን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

የሚቀይረው መንገድ ግን አለቀ። እናት ዓለም ጎማ የላት፣ ጎማው ጋሪው ሥር፣ ጋሪው ግመል ይላል፣ ግመሉ ኮርቻ ይላል፣ ኮርቻው ጠፍር ይላል፣ ጠፍሩ እምቧይ ይላል፣ እምቧዩ የሺመቤት ጓሮ። ባርኔጣውን አውልቆ በሯን አንኳኳ።

«የሺ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ። እምቧይ ፈልገህ ነው?»

«እሱም አለ። ግን መጀመሪያ ስሚኝ። ዘውገ ታሞ ሳለ ‹በእናት ዓለም መጥቼ እጠይቅሃለሁ› ብዬው ነበር። ሳልደርስለት ሞተ። ለለቅሶው እንኳ በሷ ልምጣ አልኩ፤ ያለሷ መምጣት በባዶ እጅ መምጣት ሆነብኝ። ጎማ ግን የላት። ዛሬ ነገ ስል አርባው ወጣ። ከዚያማ አፈርኩ፣ የሺ።»

የሺመቤት በሩን ከፈተችው። «እግር እያለህ ጎማ ጠበቅክ?»

ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ፣ «ነገሩ ዞሮብኛል» አለ። «እናት ዓለም ጎማ ትላለች፣ ጎማው ጋሪው ሥር፣ ጋሪው ግመል ይላል፣ ግመሉ ኮርቻ ይላል፣ ኮርቻው ጠፍር ይላል፣ ጠፍሩ እምቧይ ይላል፣ እምቧዩ ለቅሶ ይላል፣ ለቅሶውን ደግሞ እኔ ሞኙ በእናት ዓለም አልኩት።»

የሺመቤት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ቀደማት፤ ከሳቁ መሐል እንባዋ መጣ። «ዘውገ ይህን ቢሰማ እንዴት በሳቀብህ! ግባ» አለችው።

ገባ፤ ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናሽ» አለና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ ደረቱ ላይ ተጭኖት የኖረው ነገር ቀለለው፤ ጎማውንም ለጊዜው ረሳ። የረሳው እሱ ነው እንጂ እሷስ አልረሳችም፤ ሲወጣ እምቧዩን በቅርጫት ሞልታ ሰጠችው።

ከዚያማ ምን ያቆመው! እምቧዩ ቆዳውን አለፋ፣ ቆዳው ጠፍር ሆነ፣ ጠፍሩ ኮርቻውን አሰረ፣ ኮርቻው ግመሉ ላይ ወጣ፣ ግመሉ ውሃውን ተሸከመ፣ ጋሪው ጎማውን ለቀቀ፣ ጎማው እናት ዓለም ሥር ገባ፣ ቡሎኑም ሳያንገራግር ገጠመ። ብረት አቅላጮቹ መጋዛቸውን ይዘው ሲመጡ ግቢው ውስጥ ያገኙት ድንጋዮቹን ብቻ ነው።

ጓንጉል እፎይ ብሎ በላ፣ እፎይ ብሎ ተኛ። ተረቴም እዚህ ላይ ትቆማለች። እሱ ግን አልቆመም፤ በእናት ዓለም ባቲን ሽቅብና ቁልቁል ይዞራታል። የሺመቤት ቤት ግን በእግሩ ነው የሚሄደው።