ያልታጠበው ክንፍ

አንድ አብራሪ ነበረ።

መምህር ወንድይራድ ነገራቸውን እንዲህ በአጭሩ ጀመሩና ሶስናን አዩዋት። ሶስና ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች የበረራ ተማሪ ናት፤ በረዶ የምታውቀው ከማቀዝቀዣ ውስጥ ሲወጣ ብቻ ነው። የዕለቱ ትምህርት በብርድ አገር አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ክንፉ ላይ ያረፈው በረዶ በሞቀ ፈሳሽ ስለሚታጠብበት መንገድ ነበር። እሷም እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ በረዶው ስስ ከሆነስ? ሳያሳጥቡ ተነስተው በሰላም የደረሱ ብዙ ናቸው ይባላል። ታዲያ የግድ ነው የምንባለው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጓደኞቿም ያሰቡት፣ ግን ለመጠየቅ የፈሩት ጥያቄ ነበር። መምህሩ የያዙትን መጽሐፍ አጥፈው ወንበር ሳቡ።

አንድ አብራሪ ነበረ፤ ካፒቴን። በሥራው የሚታማ ሰው አልነበረም። ወጣቶቹ ከእሱ ጋር ሲመደቡ እንደ ዕድል ይቆጥሩት ነበር፤ አይቆጣም፣ ሰው ፊት አያዋርድም፣ የሚያውቀውንም አይሰስትም። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነው ነበር። አንዲት ልጁ ያደገችው እሱ በሌለበት ነው። ክርስትና ስትነሳ ሰማይ ላይ ነበር። ስትመረቅ ደግሞ ባሕር ማዶ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ፎቶዋን በስልክ ያይ ነበር።

ይህች ልጁ የምታገባውን አገኘችና ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ተቆረጠ። ካፒቴኑ በዚያው ዕለት ማለዳ ከአንድ ብርድ አገር ተነስቶ ወደ አገሩ የሚመለስ በረራ ነበረው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት አመሻሽ ላይ ስለሆነ በሰዓቱ ከተነሳ ይደርሳል። ሚስቱ ደውላ፣ «አደራህን! የልጅቷ አባት የት አለ ሲሉኝ ዛሬም ሰማይ ላይ ነው ልበላቸው?» አለችው። «በዚህስ አላሳፍርሽም» አላት፤ «እደርሳለሁ።»

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ሲነጋጋ አባራ። ሰማዩ ጠራ፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባ ነበር። ረዳት አብራሪው ኢዮስያስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው፤ ወደ ሥራው ከገባ ገና ብዙ ያልቆየ፣ ካፒቴኑንም እንደ አባት የሚያይ። ወርዶ አውሮፕላኑን ዞሮ አየና እጆቹን እያፋተገ ተመለሰ።

«ካፒቴን፣ ክንፉ ላይ አመዳይ ይዟል። ስስ ነው፤ ግን ስዳስሰው ይሻክራል። እናሳጥበው አይደል?»

ካፒቴኑ በመስኮት አየ። የሚያጥቡት መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ ተራ የሚጠብቀው የአውሮፕላን ሰልፍ ደግሞ ጫፉ አይታይም። ተራቸው እስኪደርስ ቢጠብቁ ቀኑ ይጋመሳል፤ ሽማግሌዎቹም የልጅቷን አባት ሳያገኙ ይመለሳሉ። ሕጉን አልረሳውም። ክንፍ ንጹሕ ካልሆነ አይነሳም ብሎ ራሱ ስንቱን አስተምሯል። ያን ጠዋት ግን ጆሮው ውስጥ የነበረው የሚስቱ ድምፅ ነው።

«ይኼማ እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ነው» አለ። «መንደርደር ስንጀምር ነፋሱ ይጠርገዋል።»

ኢዮስያስ ጥቂት አመነታ። ከዚያ፣ እሱ ካለ እሱ ያውቃል ብሎ ቀበቶውን አሰረ።

ተንደረደሩ። ካፒቴኑ መሪውን ሲስበው አውሮፕላኑ እንደ ወትሮው እሺ አላለውም። ከበደው። ሁልጊዜ መሬት የሚለቅበትን ቦታ አልፈው የመንደርደሪያው ጫፍ እየቀረበ መጣ። እንደ ምንም ብድግ ሲሉም ግራው ክንፍ ዘንበል አለና ተንቀጠቀጠ። በሁለት እጁ ይዞ፣ ታሞ እንደሚነሳ ሰው ቀስ እያለ ደገፈው። ትንሽ ቆይቶ ፍጥነት ሲያገኝ አውሮፕላኑ ተረጋጋ። የክብደቱንና የመንቀጥቀጡን ልክ ያወቀው መሪውን የያዘው የካፒቴኑ መዳፍ ብቻ ነው። ኢዮስያስ መለኪያዎቹን ሲከታተል ነበርና ትንሽ ዘግይተው እንደተነሱ ቢያይም ጭነት የበዛ መሰለው።

ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «እውነትዎን ነው ካፒቴን፤ ጠረገው» አለ።

ያን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አልጠረገውም። ልንሞት ነበር። ተሳስቻለሁና አንተ እንዲህ እንዳታደርግ» ቢለው ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ በምን ዓይን ያየኛል ብሎ አሰበና አፈረ። እሱም ፈገግ አለ። ስለ ልጁና ስለሚመጡት ሽማግሌዎች ማውራት ጀመረ።

ደረሰም። ሽማግሌዎቹን ተቀበለ፤ ልጁን ሰጠ፤ ተመረቀች። ደስታው እውነተኛ ነበር። ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ መቀመጡን ሚስቱ አይታ፣ «ደክሞሃል» ስትለው፣ «አዎ፣ ደክሞኛል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ በረዶ ባለበት አገር ሁሉ ሳያሳጥብ ተነስቶ አያውቅም። ሰልፉ ቢረዝም ይጠብቃል፤ ተሳፋሪ ቢቆጣ ይቅርታ ጠይቆ ይጠብቃል። ለራሱ ተምሯል። ለኢዮስያስ ግን አልነገረውም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው በከንቱ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን የሚመች ጊዜ አጣ፤ በረራቸውም ተለያየ። ቆይቶ ደግሞ፣ እስካሁን ዝም ብዬ አሁን ምን ብዬ እጀምረዋለሁ አለ። ኢዮስያስ ካፒቴን ሲሆን ጓደኞቹ ግብዣ አደረጉለት። ካፒቴኑ በዚያ ቀን፣ ዛሬስ ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር ከቤቱ የወጣው። ወጣቱ ከሰው መሐል ተነስቶ፣ «እኔን ሰው ያደረጉኝ እኚህ ናቸው፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ ነው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ያንንም ቀን ሳይነግረው ወደ ቤቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣ።

አንድ ክረምት፣ በዚያ በብርዱ አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ አንድ አውሮፕላን ገና ከመሬት ብድግ እንዳለ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ከመንደርደሪያው ማዶ ያለ ማሳ ላይ ወደቀ። ጡረታ የወጣው ካፒቴን ዜናውን የሰማው በሬዲዮ ነው። ያበርር የነበረው ኢዮስያስ እንደሆነ ግን የቀድሞ ባልደረባው ደውሎ ነገረው። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ተርፈው ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ግን አልተረፉም። ኢዮስያስ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል።

ካፒቴኑ ትኬት ቆርጦ ሄደ። ኢዮስያስ ሲያየው ካልተነሳሁ ብሎ ታገለ፤ አልቻለም። «እስከዚህ ድረስ ለእኔ ብለው መጡ?» አለው። ስለ ስብራቱ አወሩ፤ ስለ ቤተሰቡ አወሩ። ከዚያ የሚያወሩት አለቀ።

«ረዳቴ እናሳጥብ ብላኝ ነበር» አለ ኢዮስያስ። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያን ጠዋት ከእርስዎ ጋር የተነሳነው ትዝ አለኝ። ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ምንም አልሆንንም አልኳት። የአደጋውን ምክንያት የሚያጣሩት ሰዎች ማንን አይተህ ነው ብለው ጠይቀውኛል። ስምዎን አልጠራሁም።»

ካፒቴኑ አንገቱን ደፋ።

«ስነሳ ግን መሪው ከበደኝ። ክንፉ ተንቀጠቀጠ። ያኔ አንድ ነገር መጣብኝ፤ እስካሁንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።» ወደ ካፒቴኑ ዞረ። «እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ጠዋት እርስዎንም ከብዶዎት ነበር?»

«ከብዶኝ ነበር።»

«ክንፉስ?»

«ተንቀጥቅጧል። በእግዚአብሔር ቸርነት ነው ያልወደቅነው።»

ኢዮስያስ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። እንባው በጎንና በጎን ወደ ጆሮው ወረደ። «ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች» አለ። «ሲሳፈሩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ‹ወንድሜ፣ አየሩ ደኅና ነው አይደል?› አለችኝ። ምንም አትሥጊ አልኳት። መቀመጫዋ ከኋላ ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ካፒቴን፣ ለምን አልነገሩኝም?»

ካፒቴኑ መልሱን ያውቀዋል። አፍሬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ነገር ግን ያን ቃል ከዚያች ሴትና ከሕፃኗ ጎን ሲያስቀምጠው እጅግ አነሰበትና ከአፉ አልወጣ አለው። ኢዮስያስ ጥቂት ጠበቀው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ካፒቴኑ ከሆስፒታሉ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አጣሪዎቹ ሄደና ሁሉንም ነገራቸው። አዳመጡት፤ አመሰገኑት፤ ከዚያ በላይ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አልነበረም። አገሩ ሲመለስ ለቤተሰቡም ተናገረ። ልጁ ክው ብላ፣ «አባባ፣ ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው። «ሳላሳጥብ የተነሳሁት ለአንቺ ብዬ ነው» አላት። «ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ብዬ ነው። ሰው የሞተው በዝምታዬ ነው፤ አንቺ የለሽበትም።» እንዲህ ቢላትም ከዚያ ወዲህ የሠርጓን ፎቶ ከግድግዳው ላይ እንዳወረደችው አይቷል። በየበዓሉ ለኢዮስያስ ይደውልለት ነበር። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። እስኪሞት ድረስ መደወሉን አልተወም።

መምህር ወንድይራድ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። ተማሪዎቹም የሚቀጥሉ መስሏቸው ጠበቁ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ ሶስና አዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ስስ በረዶ ክንፉን ያሻክረዋል። በሻከረ ክንፍ ላይ ነፋስ እንደሚገባው አያልፍም፤ ክንፉም የተሸከመውን ማንሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ማሳጠብ የግድ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ስለ በረዶ ብቻ አይደለም፤ በሰላም ስለደረሱት ሰዎችም ነው። ሰው ተሳስቶ ምንም ሳይሆን ሲቀር ስህተቱ እንደዚያ አመዳይ ነው፤ ስስ ነው፣ ከሩቅ አይታይም፣ ጊዜ ይጠርገዋል ብሎ ይተወዋል። ጊዜ ግን አይጠርገውም። በአደባባይ አውጥቶ ካላጠበው፣ አጠገቡ ተቀምጦ ያየውና ያመነው ሰው እንደ ትምህርት ይዞት ይሄዳል። የሚወድቀውም ያ ሰው ነው።»

ሶስና አቀርቅራ ነበር። መምህሩ እስክታያቸው ጠበቁ።

«ሳያሳጥቡ ተነስተው በሰላም የደረሱ ብዙ ናቸው አልሽኝ። እውነትሽን ነው፤ ብዙ ናቸው። ያ ካፒቴንም ለብዙ ዓመት ከእነሱ ጋር ተቆጥሮ ነበር።»